ሦስቱ መዘውሮች

«ቡለቲናችሁን ምን ዋጣት?» እያላችሁ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ፣ በላይብረሪ ደጃፍ፣ አንዳንዶቻችሁም በፈተና አዳራሽ ውስጥ ሳይቀር ላስጨነቃችሁን ወዳጆቻችን መልስ አለብን። የዋጣት ጽሑፍ ማጣት አይደለም። የጽሑፍስ ነገር አይነሣ፤ የግጥሙ ክምር ብቻ ከትራሳችን ይበልጣል። ቡለቲኗን የዋጣት ቅርጿ እንቁላል የሚመስል፣ ስፋቷ ከሦስት ጣት የማይበልጥ አንዲት ቁራጭ ብረት ናት።

ማባዣ ማሽናችንን የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ስቴንስሉ ከበሮው ላይ ይጠመጠማል፣ ቀለሙ ይገባል፣ እጀታው ሲዞር ወረቀቱ አንድ በአንድ እየተሳበ ያልፋል። ይህን «አንድ በአንድ» የሚለውን ሥራ የምትሠራው ያቺ እንቁላል መሳይ ብረት ነች፤ ካም ይሏታል። ስትዞር ሆዷ የመሳቢያውን ክንድ ያነሣዋል፣ ጀርባዋ ይለቀዋል። የእኛዋ ካም ከዕድሜ ብዛት ሆዷ ተበላና ወረቀቱ አንዴ ሦስት ሦስት ሆኖ፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ሳይገባ ይቀር ጀመር። መለዋወጫ ፍለጋ ብንዞር የማሽኑን ዓይነት ሰምቶ የሚስቅ ነጋዴ እንጂ ዕቃውን ያየ አላገኘንም።

እኛ ሦስት ነን። ሁለታችን ብረት እንማራለን፣ አንዳችን ቋንቋ። «ራሳችን እንሥራት!» አልን። ማለት ምን ይከብዳል?

በወርክሾፑ ጥግ፣ ከትልልቆቹ ማሽኖች ጀርባ፣ አቧራ የለበሰች ትንሽ የጠረጴዛ ላይ ሚሊንግ ማሽን ነበረች። የጊዜ ማሳለፊያ ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች የተሠራች፣ ሁለት ሰው እያቃሰተ የሚያነሣት ዓይነት። ባለቤቷ በወረቀት ተቋሙ ነው፤ በእውነቱ ግን የወርክሾፑ አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እዚህም ስማቸው ጋሼ ብቻ ይሁን። ጋሼ ሚሊንግ አይሉም፤ ፍሬዛ ነው የሚሉት። ሌዙ ቶርኖ ነው፣ ቤሪንጉ ኩሽኔታ፣ ነቱ ዳዶ፣ ድሪሉ ትራፓኖ፣ ማሰሪያው ሞርሳ። ጣሊያን ሄዶ ቃሉ ከብረቱ ጋር ቀርቷል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ ኖሮ ጋሼ ዘንድ ደርሷል። እኛ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ስም ከመጽሐፍ አንብበን መጣን። የቋንቋ ተማሪው ጓዳችን ገና በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ቤት አንድን ብሎን በሁለት ቋንቋ ይፈቱታል» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ካሟ የተጣመመ ጠርዝ ስላላት በእጅ መዘውር ለማውጣት አስቸጋሪ ነች። በመዘውር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ ኩርባ ሲሆን ግን ሁለት መዘውር በአንድ ጊዜ፣ በተለያየ ፍጥነት ማዞር ይጠይቃል። ስለዚህ ፍሬዛዋን በኮምፒዩተር እንድትታዘዝ እንለውጣት አልን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፍን ኩርባ በነጥቦች ከፋፍሎ በቁጥር ማስላት ጀምሮ ነበር፤ ከዚህ ተነሥቶ የኤም አይ ቲ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1952 በተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ የምትታዘዝ ፍሬዛ ለሰው አሳየ። ያኔ ማዘዣው በቫኪዩም ቲዩብ የተሞላ ትልቅ ቁም ሳጥን ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ከመዳፍ የማትበልጥ አርዱይኖ የምትባል ሰሌዳ ትሠራዋለች። በላይዋ የሚጫነውን ግርብል የተባለ ፕሮግራም ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ጀምሮ በነጻ ለዓለም ለቀቀው። ከሁለት ኪሎባይት በማይበልጥ የሥራ ማኅደረ ትውስታ ሦስት ሞተር ያዛል። ለእንደኛ ዓይነቱ ኪሰ ባዶ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ጋሼ ዘንድ ሄደን ለመንን። ዝም ብለው አዳመጡንና፣ «ውሰዷት። ግን እንደነበረች መልሷት» አሉ። «እሺ ጋሼ» አልን፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ። ይህችን «እሺ» ያዙልን።

ሥራው ተጀመረ። ሞተሮቹ ስቴፐር የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ አንድን ዙር 200 ቦታ ከፋፍለው እርምጃ እርምጃ ይሄዳሉ። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ ደግሞ ስምንት ቦታ ሲከፍለው በዙር 1600 ይሆናል። የፍሬዛዋ ቪቴ በአንድ ዙር ጠረጴዛውን 2 ሚሊሜትር ይገፋል። 1600 ለ2 ሲካፈል 800፤ እንግዲህ አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ 800 እርምጃ ማለት ነው። አንዷ እርምጃ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ስምንት መቶኛ! ሌሊቱን በዶርም ይህን ሒሳብ ስንሠራ የደስታችን ብዛት አይነገርም። ጋሼ በመዘውሩ ላይ የሚያነቡት ትንሹ ክፍል 0.02 ሚሊሜትር ነው፤ የእኛው ከዚያ አሥራ ስድስት እጥፍ ያነሰ። «ጋሼን በለጥናቸው» ያለ አለ ከመካከላችን። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ የሳቅነው ሦስታችንም ነን።

ሞተር የሚገጠመው ከቪቴው ጫፍ ላይ ነው። ከቪቴው ጫፍ ላይ ግን መዘውር አለ። ሦስት ቪቴ፣ ሦስት መዘውር። ፈታናቸው። ከብዛት አገልግሎት እጀታቸው እንደ መስተዋት ያብለጨልጭ ነበር። ወዴት ይቀመጡ? «ከእንግዲህ ማን ይፈልጋቸዋል» ተባለና ከቁርጥራጭ ብረት ሣጥን ውስጥ ተጣሉ።

መጀመሪያ በመቁረጫው ፈንታ እስክሪብቶ አስረን ክብ አሣልናት። ፍሬዛዋ እንደ ተርብ እያዜመች ልክ እንደ ጨረቃ ያለ ክብ ሠራች። ጨፈርን። ኋላ ሲገባን ግን የእስክሪብቶው መስመር ወፍራም ስለነበር ጉዷን ሸሽጎላት ነበር።

በማግስቱ ነሐስ አሠርንና የ6 ሚሊሜትር መቁረጫ ገጠምን። ፕሮግራሙ የቁረጫውን መንገድ ራሱ አውጥቶ ሰጥቶናል፤ እኛም ሳንመረምር አዘዝናት። ጥቂት እንደሄደች ጠረጴዛው ወደፊት ዘለለ፣ አንድ «ቷ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የመቁረጫው ግማሽ ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። የወር ኪሳችን ግማሽም አብሮ ወደቀ። ሌላ መቁረጫ ተበድረን፣ ቀስ አድርገን፣ በስሱ በስሱ አስቆረጥን። አሁን አልተሰበረም፤ ግን የወጣው ክብ አራት ቦታ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ በላይ፣ በታች፣ በቀኝ፣ በግራ። ጣት ሲያልፍበት የሚይዝ ደረጃ። ፕሮግራሙን አሥር ጊዜ አገላበጥነው። ሒሳቡ ልክ ነው። 800 እርምጃ 800 እርምጃ ነው። ታዲያ ጠባሳው ከየት መጣ?

ጋሼ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ክቡን አነሡት፣ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት፣ አስቀመጡት። ስለ ክቡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዓይናቸው ሞተሮቹ ላይ ነበር።

«መዘውሮቼስ?» አሉ።

ወደ ሣጥኑ ሮጥን። ሣጥኑ ባዶ ነው። ጽዳት ተደርጎ ቁርጥራጩ ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት ለቆራሌው ተሽጧል።

ወዳጆች ሆይ፣ ያን ዕለት ጋሼ ቢቆጡን ኖሮ በወደድን። አልተቆጡም። «እህ» አሉና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ሰላምታችንን በራስ ንቅናቄ ብቻ መለሱልን።

በዚያ ሳምንት ዶርም ውስጥ የተደረገው ክርክር የዚህችን ቡለቲን ገጾች ሁሉ በሞላ ነበር። ዴቪድ ኖብል የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው «የምርት ኃይሎች» በተሰኘ መጽሐፉ የጻፈውን አነሣን። ፍሬዛን በቁጥር የማዘዝ ሥራ በአሜሪካ ሲጀመር ጎን ለጎን ሌላ መንገድም ነበር። ሠራተኛው አንድ ጊዜ በእጁ ሲሠራ እንቅስቃሴው በማግኔት ጥብጣብ ላይ ይቀረጻል፣ ከዚያ ማሽኑ ያንኑ ይደግማል። ይህ መንገድ ተገፍቶ የቀረው በቴክኒክ ተሸንፎ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንና ሥልጣኑን በሠራተኛው እጅ ስለሚተው ነው ይላል ኖብል። ይህን ስናነብ «አዬ ካፒታሊስቶች!» ብለን ነበር። አሁን ግን አንዳችን ከአልጋው ላይ ተነሥቶ፣ «እኛስ ምን አደረግን? የሰውየውን መዘውር ፈትተን ለቆራሌው ሰጠን። ያውም ሳንጠይቃቸው፣ ያውም እሺ ብለን» አለ። መልስ የሰጠ የለም። ፋብሪካ የለንም፣ ትርፍ የለንም፣ የምናባርረው ሠራተኛም የለንም። ንቀቱ ግን ነበረን። ንቀት ካፒታል አይጠይቅም።

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ወረድን፤ ሚናለሽ ተራ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የአገር ብረት ሁሉ ተሰባስቦ ትንሣኤውን የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ፣ ከድርድር ወደ ድርድር ስንዞር ውለን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ሰውዬ ከጆንያ ሥር ሁለት መዘውር አወጡልን። እጀታቸው እንደ መስተዋት ያበራል፤ የእኛው ነበሩ። ሻጩ ዓይናችንን አንብበው ዋጋውን እጥፍ አሉት። ከፈልን። ሦስተኛው አልተገኘም።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን በጋዜጣ ጠቅልለን ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንና «ጋሼ፣ አጥፍተናል፤ አንዱን አጣነው» አልን። ፈትተው አዩአቸው። «ሁለት መዘውር ይዤ ምን ላድርግ? ሦስተኛውን በአፍንጫዬ ላዙረው?» አሉ። እኛ አንገታችንን እንደደፋን ነን። ቀና ስንል እየሳቁ ነበር። «በሉ ያንን ጽሑፋችሁን አምጡት፤ ፍሬዛዬን ምን እያላችሁ እንደምታዟት ልየው።»

ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበብንላቸው። ጂ አንድ ማለት እየቆረጥሽ በቀጥታ ሂጂ ነው፣ ኤክስ ይህን ያህል፣ ዋይ ይህን ያህል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ቀኝና ግራ እጃቸው በባዶ አየር ላይ መዘውር ያዞራል። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ አስቆሙን። «እዚህ ጋ ጠረጴዛውን ወዴት ነው የምትነዱት? መቁረጫው በሚዞርበት በኩል? ይስባታላ!» መቁረጫው ዕቃውን ወደ ራሱ ሲስብ ጥብቅ ማሽን ይችለዋል፤ ቪቴውና ዳዶው መካከል ክፍተት ያላት ግን ትዘላለች። የተሰበረው ለዚህ ነበር። የመንገዱን አቅጣጫ ገለበጥነው፤ መቁረጫው እየገፋ እንጂ እየሳበ እንዳይሄድ።

ቀጠሉ። «ጠባሳውስ? ጨዋታ አላት፤ አታውቁም እንዴ?» ጨዋታ የሚሉት ያንኑ ክፍተት ነው፤ ቪቴው አቅጣጫ ሲለውጥ ዳዶውን እስኪነካ ድረስ በከንቱ የሚዞርበት። ለካን፤ 0.3 ሚሊሜትር ሆነ። ያ አንድ ስምንት መቶኛ እያልን የጨፈርንበት ሁሉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል። ሞተሩ እርምጃውን በትክክል ይቆጥራል፣ ጠረጴዛው ግን ገና አልተነሣም። ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያውቅበት ዓይን የለውም፤ የጋሼ መዳፍ ግን መዘውሩ ከቀላልነት ወደ ክብደት ሲሻገር ያውቀዋል። እኛ ፈትተን የጣልነው ይህንን ነው።

«ታዲያ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ጨዋታው እስኪያልቅ አልቆጥርም። ሲያልቅ፣ ብረቱ እጄን ሲይዘኝ፣ ያን ጊዜ ዜሮ ብዬ እጀምራለሁ።» እውነትም በመዘውሩ ላይ ያለው የቁጥር ቀለበት ለብቻው ይዞራል፤ ለዚሁ ነው የተሠራው።

ሦስታችን ተያየን። የጫንነው ፕሮግራም ክፍተቱን ራሱ የሚያካክስበት መንገድ አልነበረውም። ነገር ግን ጂ ዘጠና ሁለት የምትባል ትእዛዝ አለችው፤ ማሽኗን «አሁን ያለሽበትን ቦታ እንዲህ ብለሽ ጥሪው» የምትል። ጋሼ ያሉት ልክ እሷን ነበር። በመጀመሪያ ዳዶውን አጥብቀው፣ ቪቴውን አጽድተው፣ ዘይት ቀብተው ክፍተቱን ወደ 0.08 አወረዱልን። ከዚያ እኛ ጠርዙ አቅጣጫ በሚለውጥባቸው አራት ቦታዎች ላይ ጻፍን፦ መቁረጫውን አንሺ፤ ወደ አዲሱ አቅጣጫ 0.08 ሂጂ፤ ያንን ጉዞ አትቁጠሪው፣ ቦታሽ የቀድሞው ነው በይ፤ መቁረጫውን አውርጂና ቀጥይ። የጋሼ አንድ ዓረፍተ ነገር በአራት መስመር ተጻፈ። የቋንቋ ተማሪው ጓዳችን በሕይወቱ ካነበበው ትርጉም ሁሉ ይህን ያህል የታመነ አላየሁም ይላል። አርዱይኖ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ የተወለደች፣ ስሟም ጣሊያንኛ መሆኑን የነገራቸው እሱ ነው። ጋሼም፣ «እንግዲያማ ከቶርኖ ጋር ዘመድ ነች፤ ምን አስቸገራችሁ?» አሉት።

በመጨረሻ ካሟን ልንቆርጥ ተነሣን። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። እንደዚህ ያለ ፍሬዛ መብራት ሲሄድበት ቦታውን ይረሳል፤ ሞተሮቹ እርምጃ ይቆጥራሉ እንጂ የት እንዳሉ አያዩም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ፤ ዜሮው ግን አልመጣም። ያን ጊዜ ጋሼ የዚህችኑ ቡለቲን አሮጌ እትም አንሥተው ከኅዳጉ ቀጭን ወረቀት ቀደዱ። ዘይት ነክረው በነሐሱ ጎን ላይ ለጠፉት፤ መቁረጫው እየዞረ ቀስ በቀስ ሲጠጋ ወረቀቱን ላፍ አድርጎ ወሰደው። ውፍረቱን አስቀድመን ለክተነዋል፤ 0.1 ሚሊሜትር። እንግዲህ ከብረቱ ያለን ርቀት ታወቀ። በሌላውም ጎን እንዲሁ አደረግን፣ ዜሮውም ተመለሰ። ኅዳጓን የሰጠችው በአንድ ግጥም የተሞላች ገጽ ነበረች፤ የማን ግጥም እንደሆነ ግን አንናገርም።

ካሟ ወጣች። ጠርዟ ላይ ቀጫጭን ጭረት ስለቀረ ጋሼ በሞረድ ሩብ ሰዓት አለዘቧት። ማባዣው ላይ ስትገጠም የመጀመሪያው ወረቀት ብቻውን ገባ። ሁለተኛውም ብቻውን። አልጨፈርንም፤ እስከ ሃያ ቆጠርን።

የመዘውሮቹ ነገር እንዲህ ሆነ። በሁለት በኩል ዘንግ ያላቸው ስቴፐር ሞተሮች አሉ፤ አንዱ ጫፍ ቪቴውን ይይዛል፣ ሌላው ከኋላ ይወጣል። ሞተሮቻችንን በእነሱ ለወጥንና መዘውሮቹን ከኋላ ገጠምን። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ፍሬዛዋ የጋሼ ነች፤ ሲለቀቅ ኮምፒዩተሩ ያዛታል። ማሽኗ በኮምፒዩተር ስትሠራ መዘውሮቹ አብረው ስለሚዞሩ እጅጌያችሁን ጠብቁ፤ በእጅ ስታዞሩም ቀስ በሉ፣ በኃይል የተዞረ ሞተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ድራይቨሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሦስተኛውን መዘውር ጋሼ ከአሉሚንየም ቁራጭ በቶርኖ አወጡት። እኛ በፍሬዛዋ እንሥራልዎ ብለን ነበር፤ «ይሄንንስ ተዉልኝ» አሉ። እጀታው ገና ያልለሰለሰ፣ ሸካራ ነው።

«እንደነበረች መልሷት» የተባልነውን አልፈጸምንም፤ እንደነበረች አይደለችምና። ጋሼ ግን ስለዚያ አንሥተው አያውቁም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅንም።

አንድ ነገር ቀረ። ልንመረቅ ወራት ቀርተውናልና ለሚመጡት ይሁን ብለን በማሽኗ ጎን ላይ በቀለም «ጨዋታ 0.08» ብለን ጽፈን ነበር። ጋሼ በጨርቅ ጠረጉት። «ብረት ይበላል» አሉ፤ «ዛሬ 0.08 ነው፣ ለከርሞ ሌላ ነው። ቁጥሩን አትጻፉ፤ እንዴት እንደሚለካ ጻፉ።» ጻፍን፤ ሁለት ገጽ ሆነ። በጋሼ ቃላትና በእኛ ቃላት፣ ጎን ለጎን። የሚቀጥለው እትም ላይ ታገኙታላችሁ፤ ማባዣው ከፈቀደ። ይህች እትም ደግሞ ሁለት ሁለት ገጽ ተጣብቃ ከደረሰቻችሁ ጥፋቱ የእኛ ነውና ንገሩን፤ ወርደን እንለካዋለን።